ዶክተር መከዳ

ዛሬ ጠዋት ድሬዳዋ፣ ቀፊራ ጋ ቆሜ ባጃጅ ስጠብቅ አንዱ ሹፌር ፍጥነቱን ቀነሰ። አንገቱን ብቅ አድርጎ፣ "ዶክተር መከዳ! ግፊቱ እንዴት አደረ?" አለኝና ነዳው። አሳፈረኝ፣ ግን አላሳፈረኝም።

ልጁን አላውቀውም። የሚያስጨንቀኝም እሱ ነው። ወሬው ከከዚራ ተነስቶ፣ ደቻቱን ተሻግሮ፣ መጋላ ገብቷል ማለት ነው። በዚህ አያያዙ እስከ ዓርብ ሐረር ይደርሳል።

ነገሩ የመጣው በእናቴ ግፊት ነው፤ በሁለቱም ትርጉሙ። ሐኪሙ "የደም ግፊትዎን ቤትዎ ሆነው እየለኩ ይመዝግቡ" ካላት ቀን ጀምሮ እኔን ትጫነኝ ጀመር። የእከሊት ልጅ ገዝቶላታል። የእከሊት ልጅ ከጅቡቲ ልኮላታል። እናቱን በዚህ ፀሐይ ጤና ጣቢያ የሚያመላልስ ልጅ በድሬ የቀረው አንድ እኔ ነኝ።

ፋርማሲ ገብቼ የግፊት መለኪያ ማሽን ዋጋ ጠየቅኩ። ልጅቷ ስትነግረኝ የኔም ግፊት ተነሳ። ደረሰኝ አለው፣ የአንድ ዓመት ዋስትና አለው አለች። አመስግኜ ወጣሁ። የድሬ ልጅ ነኛ! ይህቺ ከተማ የባቡር ልጅ ናት። እንደ ፈረንጆቹ በ1902 ሐዲዱ ከጅቡቲ ሲደርስ ዕቃ አብሮት ወረደ፤ ይኸው እስከ ዛሬ መውረዱን አላቆመም። ታይዋን በሚባለው ገበያችን ሲመላለስ ያደገ ሰው እንዴት ተብሎ ለፋርማሲ ዋጋ ይንበረከካል? እኔ እኮ ካርቶን አሽትቼ ኦርጅናሉን ከኮፒው የምለይ ሰው ነበርኩ። ነበርኩ።

ሱቁ የት እንደሆነ አልናገርም። ባለሱቁ ጉንጩን ወጥሮ ተቀምጧል። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው፣ ሙቀቱ ቆርቆሮ ያቀልጣል። ካርቶኑ ላይ ትልቅ ቀይ ክብ አለ፤ ጃፓን መሆኑ ነው። የማሽኑ ስም ከታወቀው ስም የሚለየው በአንዲት ፊደል ብቻ ነው፤ እኔ ደግሞ በአንዲት ፊደል ከሰው ጋር አልጣላም።

"ኦርጅናል ነው?" አልኩት።

"ወላሂ ኦርጅናል! አቦ፣ ለእናቱ ለሚገዛ ሰው እዋሻለሁ?"

ከዚያ ጨርቁን የራሱ ክንድ ላይ ጠቀለለና ቁልፉን ተጫነ። ማሽኑ ጢዝዝ አለ፣ ተነፋ፣ ተነፈሰ። 120 በ80።

እዚህ ጋ መንቃት ነበረብኝ። ከሰባት ሰዓት ጀምሮ ሲቅም የዋለ፣ በላዩ ላይ ሦስት ሻይ የደረበ ሰው 120 በ80! ጫት ግፊትንም የልብ ምትንም ከፍ እንደሚያደርግ የማያውቅ የድሬ ሰው አለ? እኔ ግን "ማሻ አላህ፣ ጤነኛ ነህ" ብዬ አደነቅኩት። "አልሐምዱሊላህ" አለ። ከ4 ሺህ ተነስተን 2 ሺህ 600 ብር ላይ ተጨባበጥን።

እዚህ ላይ ስለ "ኦርጅናል" አንድ ነገር ካልተናገርኩ ይቆጨኛል። ቃሉ ሞቷል። ድሮ ኦርጅናልና ኮፒ ነበር፣ ተግባባን። ቀጥሎ አንደኛ ኮፒ፣ ሁለተኛ ኮፒ መጣ፤ እሱንም ተማርን። አሁን ደግሞ "ኦርጅናል ኮፒ" የሚባል ነገር አለ። ቻርጀር ስትገዛ "የኦርጅናሉን ነው የኦርጅናል ኦርጅናሉን?" ይሉሃል። ባለፈው ቲማቲም የምትሸጥ ልጅ "ኦርጅናል የሐረማያ ነው" ስትለኝ ኮፒ ቲማቲም ይኖራል ብዬ ገልብጬ አየሁ። ገዝተህ ቤት ስትገባ ደግሞ "ስንት ገዛኸው?" የሚል አይጠፋም። የፈለግከውን ቁጥር ጥራ፤ እሱ ጋ በግማሽ ዋጋ ነበር።

ወደ ማሽኑ እንመለስ። ይናገራል። ለክቶ ሲጨርስ አንዲት ሴት በቻይንኛ ረዘም ያለ ነገር ትላለች። የጃፓን ማሽን በቻይንኛ ሲያወራ ለምን አልጠረጠርክም የሚል ካለ፣ እኔ ሁለቱንም አልችልም። መመሪያው ላይ ያለችው አንዲት የእንግሊዝኛ መስመር ደግሞ "ከመለካትዎ በፊት ክንድዎን ያጥፉት" ትላለች። የክንዴን ማጥፊያ እስካሁን እየፈለግኩ ነው።

ሐሙስ ማታ እናቴን ለካኋት። 118 በ76። ሴትዮዋ ተናገረች።

"ምን አለች?"

"ደህና ነሽ አለችሽ።"

"ወይ አንደበት!" አለች እናቴ። ዓርብም 118 በ76። ቅዳሜም እንደዚያው። እናቴ ቁጥሩን ደብተር ላይ ትጽፋለች፣ እኔ በራሴ እኮራለሁ።

እሁድ ቡና ተፈላ። ቶናው ሳይቀዳ ግቢው በጎረቤት ሞላ፤ ለቡናው አይደለም፣ ለማሽኑ። መነጽሬን አፍንጫዬ ላይ አወረድኩ። የጎደለኝ ነጭ ጋውን ብቻ ነበር። ሀጂ፣ 118 በ76። የሀጂ ባለቤት፣ 118 በ77። በየሰዉ ምርቃት እቀበላለሁ። ቀጥሎ ጋሼ ተቀመጡ።

ጋሼ የምድር ባቡር ጡረተኛ ናቸው። ትልቅ ነገር ሲገጥማቸው በፈረንሳይኛ ነው የሚናገሩት። ማሽኑ ጢዝዝ አለ። 187 በ112።

ሰው ሁሉ ስኒውን አስቀመጠ። ጋሼ ኮፍያቸውን አወለቁ።

"ሴ ፊኒ" አሉ፤ አበቃ ማለታቸው ነው።

ኑዛዜውን እዚያው ጀመሩት። ጅቡቲ ያለው ልጃቸው ይደወልለት። ብስክሌቷ ለልጅ ልጃቸው ትሁን። "ቁም ሳጥኑ ውስጥ ደግሞ፣ በግራጫው ኮቴ የውስጥ ኪስ፣ 30 ሺህ ብር አለ።" ባለቤታቸው እትዬ እስከዚህ ድረስ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሲያለቅሱ ነበር። አቆሙ።

"የቱ ኮት?" አሉ።

በዚያች ደቂቃ መለካት የነበረበት የእትዬ ነው።

ባጃጅ ጠርተን ጤና ጣቢያ ይዘናቸው በረርን። ነርሷ አልተጣደፈችም። ወንበር ላይ አስቀመጠቻቸው፣ ጀርባቸውን አስደገፈች፣ እግራቸውን መሬት አስረገጠች። አምስት ደቂቃ ሙሉ "አይናገሩ አባባ" አለቻቸው። ክንዳቸውን ጠረጴዛ ላይ በልባቸው ልክ አኖረች። 134 በ82። ትንሽ ቆይታ ደገመች። 132 በ80።

"አባባ፣ ቅድም ሲለኩ ቡና ጠጥተው ነበር?"

"አቦሉን ብቻ።"

"ጫትስ?"

ጋሼ ጣሪያውን አዩ። "ኧን ፔ" አሉ፤ ትንሽ ማለታቸው ነው።

ቡና ከጠጡ በኋላ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ሳይቆዩ መለካት እንደማይገባ ነገረችን። ያም ሆኖ 187 ከየት መጣ? "ማን ነው የለካቸው?" አለች። አብሮን የሄደው ሰው ሁሉ እኔን አየኝ። እኔም ከኋላዬ ሌላ ሰው ካለ ብዬ ዞር አልኩ።

ዋናው ጉድ ግን ቤት ነበር የሚጠብቀን። ዘጠኝ ዓመት የሆነው የእህቴ ልጅ በሩ ላይ ቆሞ ይዘላል።

"አጎቴ! መከዳውም ደህና ነው!"

ስንወጣ ማሽኑን ትተነዋል። ልጁ ለመለካት ሰው ሲያጣ በርጫ ቤት ገባና ትልቁን ቀይ መከዳ በጨርቁ ጠቀለለው። ስክሪኑ ገና አልጠፋም። 118 በ76። የልብ ምት 72። የእናቴ ቁጥር ነው፣ ያለ ጭማሪ ያለ ቅናሽ።

"ልጅ ነው፣ ተሳስቶ ነው" ብዬ ራሴ ጠቀለልኩት። ግቢው በሙሉ በር ላይ ተደርድሯል። ጢዝዝ። 121 በ79። ቻይናዊቷ ስለ መከዳው ረጅም ንግግር አደረገች።

"ከፍ አለ" አለ ልጁ።

"ሰው ከብቦት ደንግጦ ነው" አሉ ሀጂ።

ሳቁ እስከ ባቡር ጣቢያ ተሰምቷል ብል አላጋነንኩም። እኔ ግን እስካሁን የሚያባንነኝ 72ቱ ነው። ውስጡ ጥጥ ነው፤ እናቴ ራሷ ናት የሞላችው። በደቂቃ 72 ጊዜ ምኑ ነው የሚመታው? ሌሊት ተነስቼ፣ ማንም አያየኝም ብዬ፣ ጆሮዬን ለጥፌበት አዳምጫለሁ። ይህን ያየችው እህቴ ናት፤ ለማን እንደነገረች ባላውቅም ጠዋት ዳቦ ቤቱ ያውቅ ነበር።

ከዚያ ወዲህ መከዳው የቤተሰብ አባል ሆነ። ሰው ሊደገፈው ሲል "ቀስ! ግፊቱ ይነሳል" ይባላል። ጨው አይበላም፣ አያጨስም፣ ቀኑን ሙሉ ተጋድሞ ይውላል፤ ለምን ጤነኛ አይሆን? ይሉኛል። እኔ ግን አይዋጥልኝም። ይህ መከዳ 20 ዓመት የበርጫ ወሬ ሰምቷል። ስንት ሰው እሱን ተደግፎ ፎቅ ሠርቷል፣ ፋብሪካ ከፍቷል፣ ማታ ምርቃናው ሲበርድ ደግሞ ለባጃጅ 20 ብር ተበድሮ ሄዷል። ይህን ሁሉ ተሸክሞ 118 በ76? በኔ ግምት ቢያንስ 160 ነው። ሀጂ በበኩላቸው ሚስት ይፈለግለት ብለው እናቴን ጠይቀዋል። ትንሿ አረንጓዴ ትራስ ታጭታለች።

ሰኞ እናቴንና ማሽኑን ይዤ ነርሷ ጋ ሄድኩ። እናቴ፣ 158 በ94። ለካ ቅዳሜና እሁድ ክኒኗን አልዋጠችም። "ደህና ነሽ ብለህ የለ?" አለችኝ። ደብተሩን ዘርግታ አሳየችኝ፣ በራሷ ጽሑፍ፣ 118፣ 118፣ 118። ስለ መከዳው ሲስቁብኝ አብሬ እስቃለሁ። ስለዚህች ደብተር ግን የሚስቅ ካለ አብሬው አልስቅም።

ነርሷ ማሽኑን ገለበጠችው። ደህናው ማሽን ጨርቁ ሲተነፍስ የደም ሥሩን ርግብታ ፈልጎ ነው ቁጥር የሚሰጥ አለች፤ ርግብታ ካጣ ስህተት ብሎ ይጽፋል እንጂ ለመከዳ አይራራም። ሲኢ የምትባለዋን፣ ዕቃው የአውሮፓን መስፈርት ማሟላቱን የምትናገረዋን ምልክት አሳየችኝ። እንዲህ ባለ ማሽን ላይ አጠገቧ አራት አሃዝ ቁጥር መኖር አለበት፤ የኔው ላይ ሁለቱ ፊደላት ብቻቸውን ተጣብቀው ቆመዋል። ካርቶኑ ላይ ያለው መለያ ቁጥርና ማሽኑ ሆድ ላይ ያለው ለየቅል ነው። ተለጣፊውን በጥፍሯ ፋቅ ስታደርገው ከሥሩ የሌላ ማሽን ስም ወጣ። እሱንም ብትፍቀው ሌላ ይወጣ ነበር። "አዲስ ስትገዛ እዚህ አምጣውና ከኛው ጋር እናስተያየው" አለች። በደግነት ነው ያለችው። ለዚያ ነው ያመመኝ።

ማሽኑን ታቅፌ ሱቁ ደረስኩ። ባለሱቁ ጉንጩ እንደ ሐሙሱ ነው።

"ኦርጅናል ነው ብለኸኝ የለ?"

"ኦርጅናል ነው።"

"መከዳ ለካ እኮ!"

ትንሽ አሰበ። "መከዳ ላይ ማን አድርግ አለህ? አቦ፣ ያለ አግባብ ተጠቅመህ ዋስትናውን አበላሸህብኝ" አለኝ። ዋስትና እንደነበረኝ ያወቅኩት የዚያን ጊዜ ነው። ገንዘብ አይመለስም፣ ግን 500 ብር ከጨመርክ በእግር ማሳጅ ማሽን እቀይርልሃለሁ አለ። ጃፓን ነው አለ። ካርቶኑን ለምን እንዳየሁት አላውቅም፤ ግን ገልብጬ አየሁት። ቀይ ክቡ አለ። ባዶ እጄን ወጣሁ፤ ያቺንም እንደ ድል ቆጥሬያታለሁ።

እናቴ አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ጤና ጣቢያ ትሄዳለች፣ በባጃጅ፣ በኔ ሒሳብ። የፋርማሲውን እስክገዛ ነው።

ጋሼ አኩርፈውኛል። እኔ በ187ቱ መስሎኝ ይቅርታ ልጠይቅ ሄድኩ። እትዬ በአዲስ ድሪያ ወጡና አገላብጠው ሳሙኝ፣ ሙሽበክ በሰሃን አቀረቡልኝ፣ "ያ ማሽንህ አለ? ሌላም ኮት አላቸው እኮ" አሉ። ጋሼ ጥግ ተቀምጠው ሬዲዮ ይነካካሉ። ስወጣ ቀና አሉ።

"ሜርሲ" አሉኝ።