የስፖኪዮ ዕዳ፦ የመኪናዬን መድን ያደስኩበት መንገድ

የማደሻ ማስታወቂያው የደረሰኝ ጥቅምት 2018 መጀመሪያ ላይ ነው። አምና 16,200 ብር የከፈልኩበት የመኪናዬ ሙሉ ዋስትና ዘንድሮ 49,800 ብር ሆኖ መጣ። መጀመሪያ ቁጥሩ በስሕተት የተጻፈ መሰለኝ። ደንበኛ ደብተር እየጠበቀኝ ወረቀቱን ይዤ ወደ ሱቄ በር ወጣሁና በብርሃን ደግሜ አነበብኩት። ስሕተት የለውም።

መኪናዬ በፈረንጅ አቆጣጠር የ2003 ሞዴል ቶዮታ ኮሮላ ናት። ጅማ ሕርማታ መርካቶ ካለው የጽሕፈት መሣሪያ ሱቄ ወደ ቤት፣ አልፎ አልፎ ወደ አጋሮ፣ በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ ደግሞ ዕቃ ለማምጣት ወደ አዲስ አበባ ታደርሰኛለች። ለእኔ የሱቄ ግማሽ ናት። ቢሆንም «ተይው፣ የሦስተኛ ወገኑን ብቻ ግቢና እግዚአብሔር ይጠብቅሽ» ያሉኝን ሰዎች ምክር አንድ ሌሊት ሙሉ ሳወጣና ሳወርድ አደርኩ።

ያልተቀበልኩት በሒሳብ ነው። የሦስተኛ ወገን መድን በሕግ ግዴታ ስለሆነ እሱን መግባቴ አይቀርም። ግን የሚክሰው እኔ የጎዳሁትን ሰው እንጂ እኔን አይደለም። ለዚያውም አዋጅ ቁጥር 799/2005 ሲወጣ የተቀመጠው ጣሪያ ለሞት 40,000 ብር፣ ለንብረት ጉዳት 100,000 ብር ነበር። ያኔ 100,000 ብር የሚያኮራ ገንዘብ ነው። አሁን ግን በዚያ ጣሪያ ከአንድ አዲስ መኪና ጋር ፊት ለፊት ብጋጭ የዚያን መኪና መብራትና ኮፈን ከከፈልኩበት በኋላ ብዙም አይተርፈኝም። የራሴ መኪና ደግሞ ጋራዥ ቆማ ትቀራለች።

በማግስቱ ሱቁን ለልጄ ትቼ ወደ መድን ድርጅቱ ቅርንጫፍ ሄድኩ። የተቀበለችኝ ወጣት ሠራተኛ ትዕግሥተኛ ነበረች። «እትዬ፣ አንድ ነገር አይደለም የጨመረው፤ ሦስት ነው» አለችና በአንድ ወረቀት ጀርባ ላይ ጻፈችልኝ። ያንን ወረቀት እስካሁን አልጣልኩትም።

አምና መኪናዋ የተመዘገበችው በ900,000 ብር፣ ተመኑም 2.2 በመቶ ስለነበር አረቦኑ፣ ማለትም ለዓመቱ መድን የሚከፈለው ገንዘብ፣ 19,800 ብር ነው። ለዓመታት ካሳ ባለመጠየቄ 30 በመቶ ተቀንሶልኝ 13,860 ሆነ። ለተሳፋሪ፣ ለፖለቲካ ሁከትና ሽብር፣ ለሦስተኛ ወገንና ለሌሎች ተጨማሪ ሽፋኖች 2,340 ተደምሮበት 16,200 ከፈልኩ። ዘንድሮ ግን የመኪናዋ ዋጋ 1,700,000 ብር፣ ተመኑ 2.6 በመቶ፣ አረቦኑ 44,200 ብር። ቅናሽ የሚለው መስመር ባዶ ነው። ተጨማሪዎቹም 5,600 ደርሰዋል።

ከሦስቱ ትልቁ ዝላይ የዋጋው ነው፤ ለዚህ ደግሞ ጥፋቱ የእኔም ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ «ባለበት ይታደስ» እያልኩ 900,000 ላይ ተቀምጬ ኖሬአለሁ። በዚህ መካከል አገሩ ሁሉ ተለዋውጧል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪው ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲለቅ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። መለዋወጫ ደግሞ በዶላር ተገዝቶ የሚመጣ ነው። ከዚያ በፊትም በ2012 የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ከውጭ በሚገቡ አሮጌ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ ጭኗል፤ ጥር 2016 ላይ ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ተነገረ። እንግዲህ እንደ እኔዋ ያሉ ኮሮላዎች ባረጁ ቁጥር ይወደዳሉ። ሰውስ ሲያረጅ እንዲህ ቢሆን ምን ነበረበት?

«ግድ የለም፣ በ900,000 ይቆይልኝ» አልኳት። ልጅቱ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ይቻላል እትዬ። ግን ጉዳት ሲደርስ ግማሹን ነው የምንከፍልዎት።»

ይህን ከእሷ ብቻ ብሰማ ኖሮ ማስፈራሪያ ነው እል ነበር። ነገር ግን ጎረቤቴ የደረሰባቸውን አውቃለሁ። ልጆቼን ያስተማሩ መምህር ናቸው። ገበያው 1,600,000 ብር የሚያወጣላትን መኪና አረቦን ለመቆጠብ ብለው በ800,000 አስመዝግበዋት ነበር። በክረምት ከአዲስ አበባ ሲመለሱ አሰንዳቦ አካባቢ አስፋልቱ አንሸራቶ ከዛፍ ጋር አጋጫቸው። እሳቸው እግዜር ይመስገን ምንም አልሆኑም፤ ጥገናው ግን 260,000 ብር ተገመተ። መምህሩ «ከ800,000 በታች ስለሆነ ሙሉው ይከፈለኛል» ብለው ተረጋግተው ተቀምጠው ነበር። የድርጅቱ ሒሳብ ሌላ ሆነ፦ የመኪናዋን ዋጋ ግማሽ ብቻ ካስመዘገቡ ለቀረው ግማሽ መድን ሰጪው እርስዎ ራስዎ ነዎት። 260,000ው ወደ 130,000 ወረደ። ከእያንዳንዱ ጉዳት ላይ ባለመኪናው በራሱ የሚችለው ኤክሰስ የሚሉት አለ፤ አዲስ ዕቃ በአሮጌ ቦታ ሲተካ የሚቀነስ የእርጅና ሒሳብም አለ። ሁሉም ተቀናንሶ እጃቸው የገባው 110,000 ብር አልሞላም። ከዚያ ወዲህ ስለ መድን ሲነሳ ርዕስ ይቀይራሉ።

ስለዚህ ዋጋውን ከእውነተኛው በታች የማውረዱን ሐሳብ ተውኩት። ግን ከእውነተኛው በላይ መክፈልም የለብኝም። 2,000,000 ብዬ ባስመዘግብ እንኳን አደጋ ሲደርስ የሚታየው መኪናዋ በዚያን ቀን የነበራት ዋጋ ነው፤ በትርፉ ላይ የከፈልኩት አረቦን የእነሱ ነው። 1,700,000 ከየት መጣ ብዬ ብጠይቅ አዲስ አበባ ውስጥ በደኅና ይዞታ ካለች ተመሳሳይ መኪና ላይ የተወሰደ ሆኖ ተገኘ።

የመኪና ድለላ ሥራ ላይ የከረሙ ሐጂ አሉ፤ የሱቄ ደንበኛ ናቸው፣ የውል ወረቀት ከእኔ ነው የሚገዙት። መኪናዋን አሳየኋቸው። በሩን ከፍተው ዘጉ፣ ወለሉን በጣታቸው አንኳኩ፣ ሞተሯን አስነስተው ጆሮአቸውን ዘንበል አደረጉ። «ፍሪሲዮኗ ደክሟል፣ ቀለሟ ሁለት ቦታ ተነካክቷል። ጅማ ላይ ከ1,400,000 እስከ 1,500,000 ነው፤ ከዚያ በላይ የሚሰጥሽ ካለ ሳያስብ ሽጪለት» አሉኝ። በቅርቡ ያሻሻጧቸውን የሦስት ተመሳሳይ መኪኖች ዋጋ በወረቀት አስጽፌ ለቅርንጫፉ ሰጠሁ። ድርጅቱም መርማሪ ላከ። ጥቅምት ቢሆንም የጅማ ዝናብ ወር አያውቅም፤ ሰውየው ጃኬቱን በራሱ ላይ ጥሎ እያንዳንዷን ጭረት ፎቶ አነሳ፣ የኪሎ ሜትር ንባቧን መዘገበ፣ የኋላ ፓራፋንጎ ላይ ያለውን የስቱኮ ልጥፍ በጥፍሩ ጫር አድርጎ ሳቀ። በመጨረሻ 1,450,000 ላይ ተስማማን። የማታምር መኪና ያለችው ሰው አንዳንዴ ይቀናዋል።

አሁን ወደ ሚያመኝ ነገር ልምጣ፤ ወደ ባዶው የቅናሽ መስመር።

ታኅሣሥ 2017 አጂፕ አካባቢ ቆሜ አትክልት ስገዛ አንድ ባጃጅ በግራዬ ሲያልፍ ስፖኪዮዬን ገንጥሎ ጣለው። ሾፌሩ ገና ጢም ያላበቀለ ልጅ ነው። ወርዶ ስብርባሪውን ከመሬት ለቀመና በሁለት እጁ ይዞልኝ መጣ። «እናቴ፣ ይቅር በይኝ፣ ባጃጇ የእኔ አይደለችም» አለኝ። አንጀቴን በላው። ታርጋውን ሳላይ፣ ትራፊክ ፖሊስም ሳልጠራ «ሂድ፣ ቀስ ብለህ ንዳ» ብዬ አሰናበትኩት። ከዚያ «መድን አለኝ አይደል?» ብዬ ለድርጅቱ አመለከትኩ። ስፖኪዮው ከነሥራው 5,600 ብር ነበር፤ 2,500ው ኤክሰስ ሆኖ 3,100 ብር ተከፈለኝ። ጎበዝ የሆንኩ መስሎኝ ነበር።

ዘንድሮ ያጣሁት 30 በመቶ በ44,200 ላይ ሲሰላ 13,260 ብር ነው። በ3,100 ብር የሸጥኩት ይህንን ነው! ልጅቱ ስታስረዳኝ የባሰውም ተገለጠልኝ። ባጃጇም የሦስተኛ ወገን መድን ሊኖራት የግድ ስለሆነ ስፖኪዮውን መክፈል የነበረበት የእሷ መድን ነው። የእኔ ድርጅት ከፍሎኝ ቢሆን እንኳን አጥፊውን የመጠየቅ መብቴ ወደ እሱ ይተላለፋል፤ ገንዘቡን ከባጃጇ መድን ቢያስመልስ ስለ ቅናሹ የምከራከርበት ነገር ይኖረኝ ነበር። ግን ማንን ይጠይቅ? ታርጋ የለም፣ የፖሊስ ሪፖርት የለም። በመዝገቡ ላይ ያለው ካሳ ተቀባይ እኔ ብቻ ነኝ። ልጁን ይቅር ማለቴ አሁንም አይቆጨኝም፤ የሚቆጨኝ ይቅርታውን በራሴ መድን መክፈሌ ነው። ከይቅርታው ጋር 5,600ውንም ከኪሴ ባወጣ ኖሮ እስካሁን ረስቼው ነበር።

ቅናሹን ለማስመለስ ሁለት ጊዜ ለመንኩ፤ አልተሳካም። የቀረኝ ተመኑ ነበር። ሁለት ከሰዓት በኋላዎችን ወስጄ ጅማ ቅርንጫፍ ወዳላቸው አራት ሌሎች መድን ድርጅቶች ሊብሬዬንና የአምናውን ውል ይዤ ዞርኩ። ስፖኪዮውን ከማንም አልደበቅኩም፤ የተደበቀ ነገር ካሳ ስትጠይቂ ነው የሚወጣው። አንዱ 1.9 በመቶ ብሎኝ ልፈርም ነበር። ወንበሩ ላይ ተቀምጬ ረቂቁን ሳነብ ግን ኤክሰሱ ከጉዳቱ 10 በመቶ ሆኖ ዝቅተኛው 15,000 ብር ነው፤ ከባድ ጥገና ደግሞ አዲስ አበባ ባሉ ጋራዦች ብቻ። 350 ኪሎ ሜትር የተሰበረች መኪና ጎትቼ ልሂድ? የቀሩት 2.2፣ 2.4 እና 2.5 አሉኝ። 2.2ቱን በጽሑፍ ተቀብዬ ወደ ራሴ ድርጅት ተመለስኩ። ሥራ አስኪያጁ ወረቀቱን አይቶ 2.3 ላይ ቆመ። የአንድ ዐሥረኛዋን ልዩነት ተውኩለት፤ ለጥገና የሚልኩባቸውን የጅማ ጋራዦች ስለማውቃቸው ነው።

ከዚያ ኤክሰሱን ከ2,500 ወደ 10,000 ብር በራሴ ፈቃድ አሳደግኩ። ለዚህ ከአረቦኑ 10 በመቶ ቀነሱልኝ። ከስፖኪዮው በኋላ ይህ አልከበደኝም፤ ከ10,000 ብር በታች ላለ ነገር ወደ እነሱ የመሄድ ሐሳብ የለኝም። በባንክ ለብቻው 10,000 ብር አስቀምጬ አልነካውም። ከተጨማሪ ሽፋኖች ውስጥ ለቴፕና ለጌጣጌጥ ስርቆት የሚከፈለውን አስወጣሁት፤ ቴፔ ከተበላሸ ዓመት አልፎታል፣ የሚሰርቀው ቢገኝ እሱን ነው የማዝነው። የተሳፋሪውንም መጠን ዝቅ አደረግኩ። የፖለቲካ ሁከትና ሽብሩን አልነካሁትም፤ ምክንያቱን ማስረዳት አያስፈልገኝም።

በዚህ መካከል ውሉን ለመጀመሪያ ጊዜ ከዳር እስከ ዳር አነበብኩት፤ አንድ ምሽት ወሰደብኝ። መንጃ ፈቃድ ካወጣ ሁለት ዓመት ያልሞላው ሰው ሲነዳ ኤክሰሱ እጥፍ እንደሚሆን ያገኘሁት እዚያ ነው። ልጄ መንጃ ፈቃድ ካወጣ አራት ወሩ ነው፤ በየቀኑ ማለት ይቻላል ይነዳል። ይህን ስነግረው «ታዲያ እስካሁን ምን ሆነ?» አለኝ። ቁልፉን ከሱቁ መሳቢያ ወደ ቦርሳዬ አዛወርኩት።

የመጨረሻው ሒሳብ እንዲህ ነው፦ 1,450,000 በ2.3 በመቶ 33,350፤ 10 በመቶ ሲቀነስ 30,015፤ ተጨማሪዎቹ 3,200። በድምሩ 33,215 ብር። ከአምናው እጥፍ ነው፤ ደስ አይልም። ከመጀመሪያው ማስታወቂያ ግን 16,585 ብር ያንሳል። ውሉ ሊያልቅ ሦስት ቀን ሲቀረው ከፈልኩ። ማስታወቂያው ቀደም ብሎ ባይደርሰኝ ኖሮ ይህን ሁሉ መዞሪያ ጊዜም አይኖረኝም ነበር።

ባለፈው ሳምንት መርካቶ ውስጥ አንድ አይሱዙ ወደ ኋላ ሲመጣ የቀኝ ፍሬቻዬን ሰበረው። ሾፌሩ ከመውረዱ በፊት ታርጋውን ፎቶ አንስቼ ነበር። ስልኬን በእጄ እንደያዝኩ «እህቴ፣ እንስማማ» አለ። አብረን ወደ መለዋወጫ ሱቅ ሄድን፤ 1,800 ብሩን እዚያው ከፈለና ተለያየን።