ከደመራ በፊት ወይስ ከመስቀል በኋላ? የኦፕራሲዮን ቀኔን እንዴት እንደቆረጥኩ

በኦፕራሲዮን እንደምትወልዱ ቀድማችሁ ካወቃችሁና ቀኑ ከበዓል ጋር ከተጋጨባችሁ ይህን የጻፍኩት ለእናንተ ነው። ሦስተኛ ልጄን የወለድኩት መስከረም 14 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው። ማክሰኞ ነበር። ሐሙስ ደመራ፣ ዓርብ መስቀል። ቤታችን ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ ነው። የወለድኩበት የግል ሆስፒታል ደግሞ ካዛንቺስ። መሀል ላይ መስቀል አደባባይ አለ። አዲስ አበባን የሚያውቅ ሰው ጭንቀቴ ወዲያው ይገባዋል።

ትልልቆቹን ሁለቱንም የወለድኳቸው በኦፕራሲዮን ነው። ማህፀን ሁለት ጊዜ ተከፍቶ ከተሰፋ ምጥ ሲጠነክር ጠባሳው ሊተረተር ይችላል። ስለዚህ ሐኪሜ ምጥ ሳይጀምረኝ በቀጠሮ እንዲሠራልኝ ወሰነ። እኔም ተስማማሁ። የቀረው ቀኑን መቁረጥ ነበር።

ስሌቱ የሚነሳው ከአልትራሳውንድ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት የታየሁት አልትራሳውንድ 40 ሳምንት የሚሞላኝ መስከረም 21 መሆኑን አሳየ። የእርግዝናን ዕድሜ በደንብ የሚናገረው ያኔ የታያችሁት ነው። ስምንተኛ ወር ላይ የሚታየው ግን በሳምንታት ሊዛነፍ ይችላል። ያንን የመጀመሪያ ወረቀት አደራ አትጣሉት። ሌላም ነገር አለ። ሐኪሞች የሚቆጥሩት በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፣ እኛ ቤት በሐበሻ። በመሀል ጳጉሜ አለች። ወሩን ሠላሳ ሠላሳ እያሉ የሚቆጥሩ ሰዎች እሷን ይዘሏታል። ለኦፕራሲዮን ቀጠሮ አምስት ቀን ትልቅ ነገር ነው። እኔ የክትትል ካርዴ ላይ ሁለቱንም ጎን ለጎን ጻፍኩ፦ መስከረም 14፣ ሴፕቴምበር 24። ይህ 39 ሳምንት የምሞላበት ቀን ነው።

ቤተሰብ ሲሰማ ሁሉም የየራሱን ቀን ይዞ መጣ። እማዬ "ልጄ፣ ለግሸን ማርያም ይሁንልሽ" አለች። መስከረም 21 ማለቷ ነው። ባለቤቴ መስከረም 11ን መረጠ። ቅዳሜ ነው፣ ለበዓሉ ቤታችን ተሰብስበን እንውላለን ብሎ። አማቴ ደግሞ "በዓሉ ይለፍ እንጂ፣ ሰው ሁሉ በሌለበት ምን ልትሆኚ ነው?" አለች። ሁሉም የተናገሩት ከፍቅር ነው። ሆኖም ለእያንዳንዱ ሐሳብ የሐኪሙን መልስ መስማት ነበረብኝ።

ባለቤቴ በቀጣዩ ክትትል አብሮኝ ገባ። "ዶክተር፣ ሦስት ቀን እኮ ነው፣ ምን ለውጥ አለው?" ብሎ ጠየቀ። ሐኪሙ ረጋ ብሎ አስረዳን። ምጥ ሳይነካቸው ከ39 ሳምንት በፊት በኦፕራሲዮን የሚወጡ ሕፃናት የመተንፈስ ችግር በብዛት ያጋጥማቸዋል። ሳንባቸው ውስጥ ያለው ፈሳሽ ቶሎ አይጠራም። ትንፋሻቸው ይፈጥናል፣ አንዳንዶቹም ጨቅላ ሕፃናት ክፍል ገብተው ኦክስጅን ይሰጣቸዋል። የሚያጣድፍ የሕክምና ምክንያት ከሌለ ለበዓል ተብሎ ወደፊት አይጎተትም አለ። ባለቤቴ ከዚያ በኋላ 11ን አላነሳም።

ወደኋላ መግፋትስ? ከበዓሉ በኋላ ያለው የመጀመሪያ የሥራ ቀን ሰኞ መስከረም 20 ነበር። ያን ጊዜ 39 ሳምንት ከስድስት ቀን ይሆነኛል። በእነዚያ ቀናት ውስጥ ምጥ ቢመጣስ? የመስከረም 16ን ከሰዓት አስቡት። በስታዲየምም፣ በቦሌ መንገድም፣ በካዛንቺስም በኩል ወደ አደባባዩ የሚያስገባው መንገድ ሁሉ ዝግ ነው። እኔ ደግሞ ሁለት ጊዜ በተሰፋ ማህፀን ምጥ ላይ። ይህን እያሰብኩ አማቴን እሺ ማለት አልቻልኩም።

እማዬን ማሳመን ከባድ ይሆናል ብዬ ነበር። ቁጭ ብላ በጣቷ ቆጠረች። ልጅቷ ሴት መሆኗን አውቀናል። ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሳው በ80 ቀኗ ነው። መስከረም 14 የተወለደች ልጅ 80 ቀን የሚሞላት ታኅሣሥ 3 ነው፣ በአታ ለማርያም! እማዬ እልል አለች። ከዚያ ወዲያ ለ14 ከእሷ በላይ የሚሟገት አልተገኘም።

ሐኪሙ ራሱ በመጀመሪያ ያቀረበው ረቡዕ መስከረም 15ን ነበር። በ14 እና በ15 መካከል ያለው ልዩነት አንድ ቀን ነው። ለዚያች አንድ ቀን ግን አጥብቄ ለመንኩ። ምክንያቴን ላብራራ፣ ምክንያቱም ከሁሉም በላይ ልነግራችሁ የምፈልገው እሱን ነው።

ሰው የሚጨነቀው ለኦፕራሲዮኑ ቀን ነው። በቀጠሮ የሚሠራ ኦፕራሲዮን ቀን ግን ሐኪሙም፣ የሰመመን ባለሙያውም፣ ላብራቶሪውም ሥራ ላይ ናቸው። መታሰብ ያለባቸው ተከታዮቹ ቀናት ናቸው። ከወሊድ በኋላ አደገኛ ደም መፍሰስ በብዛት የሚመጣው በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ነው። ትኩሳትና የቁስል ማመርቀዝ ቀን ቆይተው ነው የሚመጡት። የሕፃኑ ቢጫነት ደግሞ ጎልቶ የሚታየው ከሦስተኛው እስከ አምስተኛው ቀን ነው። ወረቀት ላይ ቀኖቹን ደረደርኳቸው። በ15 ብወልድ የመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት የሚያልቁት ደመራ ቀን ነው። በ14 ከሆነ ግን የመጀመሪያው ሙሉ ቀንና ሌሊት ሁሉም ባለሙያ ባለበት ያልፋል። ስለዚህ ከበዓሉ ወደኋላ አትቁጠሩ። ከኦፕራሲዮኑ ወደፊት ቁጠሩ።

ሁለተኛው ምክንያት ሰው ነው። መስቀል ሲመጣ የጉራጌ ልጅ ሀገር ቤት ይገባል። ሱቁ ይዘጋል፣ መርካቶ ጭር ይላል። ሐኪሜም ጉራጌ ነው። "እርስዎስ ዶክተር፣ ለመስቀል የት ነዎት?" አልኩት። ሳይደብቅ ሐሙስ ጠዋት እንደሚወጣ ነገረኝ። ይህን መጠየቅ ነውር አይደለም። ሐኪም ቤተሰብ አለው፣ በዓልም አለው። ዋናው እሱ በሌለበት ማን እንደሚያየኝ ማወቅ ነው። በሚቀጥለው ክትትል ተረኛ የምትሆነውን ሐኪም አስተዋወቀኝ። ካርዴን አብረው አገላበጡ። በ14 ስለወለድኩ ረቡዕ ሙሉ ቀን እሱ አይቶኝ፣ ሐሙስ ለእሷ አስረክቦኝ ሄደ።

ሦስተኛው ምክንያት የደሜ ነገር ነው። እኔ ኦ ኔጌቲቭ ነኝ፣ ባለቤቴ ፖዘቲቭ። ሾተላይ የሚሉት ችግር የሚመጣው ከዚህ ነው። የልጁ ፖዘቲቭ ደም ከእናቲቱ ጋር ሲነካካ ሰውነቷ መከላከያ ይሠራና የሚቀጥለውን ጽንስ ያጠቃል። ይህን የሚከላከለው መርፌ፣ አንቲ ዲ፣ ልጁ ፖዘቲቭ ከሆነ ከወሊድ በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ መሰጠት አለበት። ማክሰኞ ጠዋት ብወልድ 72 ሰዓቱ የሚያልቀው ዓርብ ጠዋት ነው። በመስቀል ጠዋት! መርፌው ደግሞ በፈለጉት ሰዓት ከየፋርማሲው የሚገኝ አይደለም። ውድም ነው። እኔ ከጳጉሜ በፊት አፈላልጌ ገዛሁት። ቀዝቃዛ ቦታ ስለሚቀመጥና ሰፈራችን መብራት ስለሚጠፋ ቤት አላቆየሁትም። የሆስፒታሉ ፋርማሲ ስሜን ጽፎ ፍሪጁ ውስጥ አስቀመጠልኝ። የልጄ የደም ምርመራ ረቡዕ ወጣ፣ ፖዘቲቭ ናት። መርፌውን ያንኑ ቀን ማታ ተወጋሁ። ነጌቲቭ የሆናችሁ እህቶቼ፣ ሌላውን ሁሉ ብትረሱ ይህን አትርሱ።

ኦ ኔጌቲቭ ደም እንደልብ አይገኝም። ሆስፒታሉ ከሳምንት በፊት ከደም ባንክ እንዲያስመጣና ከእኔ ደም ጋር እንዲያመሳክር ጠየቅሁ። ወንድሜም ደሙ እንደኔ ነው። "ለበዓሉ ከከተማ እንዳትወጣብኝ" ብዬ ለመንኩት። ደሙ አላስፈለገኝም፣ ተመስገን።

ከዚያ ሆስፒታሉ ጽሕፈት ቤት ሄጄ ጥያቄዎቼን አንድ በአንድ አቀረብኩ። በመስቀል ቀን ላብራቶሪው ይሠራል? ቢጫነት የሚለካው ማን ነው? ቢጫነት የሚታከምበት ሰማያዊ መብራት ያለበት ክፍል ክፍት ነው? ሂሳብ የሚዘጋው ካሸር ይገኛል? የመጨረሻዋ ጥያቄ ቀላል ትመስላለች። ነገር ግን ሐኪም "ቤትሽ ግቢ" ብሎሽ ካሸር ስለሌለ አልጋ ላይ መቀመጥ አለ። ባለቤቴ አብዛኛውን ክፍያ ሐሙስ ጠዋት ጨረሰ። ለቀሪው ቴሌብር ላይ ብር አስገብቶ ነበር፣ ምክንያቱም ባንክ ዓርብ ዝግ ነው። የኢንሹራንስ ደብዳቤውንም ያወጣሁት እንቁጣጣሽ ሳይገባ ነው።

ተራዬም የመጀመሪያ እንዲሆን ጠየቅሁ። በቀጠሮ የሚሠራ ሰው ድንገተኛ ሲመጣ ይገፋል። መገፋትም አለበት፣ የሌላዋ እናት ሕይወት ይቀድማል። የቀኑ መጨረሻ ላይ ያለች ሴት ግን ወደ ነገ ልትተላለፍ ትችላለች። በዚያ ሳምንት አንድ ቀን መተላለፍ ለእኔ ብዙ ያዛባ ነበር።

መንገዱን ባለቤቴ ቀድሞ አጥንቶታል። ምጥ ቀድሞ ቢመጣና አደባባዩ ዝግ ቢሆን በጎተራ፣ በወሎ ሰፈር፣ በአትላስ ዞሮ በኡራኤል መግባት። የኮሪደር ልማቱ ብዙ መንገድ ስለቀያየረ በስልክ ካርታ ብቻ አላመነም፣ ራሱ ነድቶ አየው። የሚዘጉትን መንገዶች ፖሊስ በየዓመቱ በሬዲዮና በቴሌቪዥን ያስታውቃል። የአምቡላንስ ቁጥሮቹን፣ የቀይ መስቀልን 907 እና የእሳትና አደጋን 939፣ ፍሪጁ ላይ ለጠፍን። እንሽርት ውሃ ቢፈስ፣ ደም ቢታይ ወይም ቁርጠቱ እየተመላለሰ ቢመጣ ቀጠሮ አይጠበቅም፣ ወዲያው መሄድ ነው።

የኦፕራሲዮኑ ቀን ራሱ ቶሎ አለፈ። ከሌሊቱ 6 ሰዓት በኋላ ምግብ አልበላሁም። ንጋት 12 ሰዓት ላይ ገባን፣ መንገዱ ባዶ ነበር። ወገቤ ላይ ተወጋሁ፣ ከወገብ በታች ደነዘዘ። ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ልጄ አለቀሰች። ሲስተሯ "እንኳን ማርያም ማረችሽ" ስትለኝ እኔም አለቀስኩ።

ረቡዕ ልጄ የቢሲጂና የፖሊዮ ክትባቷን ወሰደች። ይህንንም ቀድሜ ጠይቄ ነበር። የቢሲጂ ብልቃጥ የብዙ ሕፃናት ነው። አንዴ ከተከፈተ በሰዓታት ውስጥ ካላለቀ ይጣላል። ስለዚህ ብዙ ቦታ የሚከፍቱት ሕፃናት ሲሰበሰቡ ነው። ረቡዕ ባይሆን ኖሮ ወደሚቀጥለው ሳምንት ይገፋ ነበር።

ዓርብ፣ በመስቀል ጠዋት፣ ዓይኗ ነጭ ላይ ቢጫ አየሁ። ተረኛዋ ሐኪም ወዲያው ደም አስወሰደች። ቁጥሩ ለመብራት የሚያደርስ አልነበረም፣ ግን ከፍ ብሏል። በዚያ ላይ የእኔና የእሷ ደም ይለያያል። "ዛሬ አትወጡም፣ ነገ ጠዋት እንደግመዋለን" አለችኝ። በዓሉን እዚያው ዋልን። ላብራቶሪው ክፍት መሆኑን ስለማውቅ አልተርበደበድኩም። ቅዳሜ ጠዋት ሲለካ ቁጥሩ ወርዷል፣ ከሰዓት በፊት ቤታችን ገባን።

በዓሉ ያመጣልን በጎ ነገርም አለ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ለአባት የሚሰጠው ፈቃድ ሦስት ቀን ነው። ባለቤቴ ከማክሰኞ እስከ ሐሙስ ወሰደ። ዓርብ በዓል ሆነ፣ ቅዳሜና እሑድ አይሠራም። አንድ ሳምንት ሊሞላ ምንም እስኪቀር ድረስ ከጎኔ አልጠፋም። የቤት ሠራተኛችን ለመስቀል አገሯ ገብታ ስለነበር ትልልቆቹን ልጆች እህቴ ያዘችልኝ። ጠያቂዎችን ደግሞ ከሰኞ በኋላ ኑ ብለን ቀድመን ነገርን። የተቆጣ የለም። የገንፎው ቀንም በዚያው ሳምንት ሆነ።

ወደፊት መቁጠሩን ከወጣሁ በኋላም አልተውኩትም። ቁስሌ የሚታይበትን ቀን ሊሰጡኝ ሲሉ ካላንደሩን አየሁ። ቅዳሜ መስከረም 25 የሆራ ፊንፊኔ ኢሬቻ ነው፣ መንገዶቹ እንደገና ይዘጋሉ። ለሐሙስ 23 አስያዝኩት። የልደት ምዝገባው 90 ቀን ስላለው እሱን ባለቤቴ ከሆስፒታሉ የተሰጠንን ማሳወቂያ ይዞ በጥቅምት ወረዳ ሄዶ ጨረሰው።