የጎደሉት 48 ሰዓታት

ሰሞኑን የሪቻርድ ሞርጋንን «ኦልተርድ ካርቦን» እንደገና ይዣለሁ። እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣ ልብ ወለድ ነው። በዚያ ዓለም የሰው አእምሮ ከራስ ቅል ሥር በተተከለች ትንሽ መሣሪያ ላይ ይቀዳል። ገላ ቢሞት መሣሪያዋን አውጥቶ ሌላ ገላ ላይ መትከል ይቻላል። ገንዘብ ያለው ደግሞ ቅጂውን ሌላ ቦታ ያስቀምጣል።

ባንክሮፍት የሚባለው ባለጠጋ ቅጂው በየ48 ሰዓቱ ይታደሳል። አንድ ቀን ጭንቅላቱ ከነመሣሪያው ተደምስሶ ይገኛል። ከቅጂው ይነሳል። ፖሊስ «ራስህን ነው የገደልከው» ይለዋል። እሱ ግን «እኔ እንዲህ የማደርግ ሰው አይደለሁም» ብሎ ድርቅ ይላል።

እዚህ ጋ ስደርስ ሁሌ መጽሐፉን አጥፌ አስባለሁ። ሰውየው የሚምለው ስለ ማን ነው? የሞተው ሰው እሱ የማያውቃቸውን ሁለት ቀናት ኖሯል። ሰውን ለመለወጥ እኮ አንድ ስልክ፣ አንድ ጠብ ይበቃል። (መጨረሻውን ላላነበባችሁ አላበላሽም።)

እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጆን ሎክ በ1694 ባሳተመው ጽሑፍ ሰውን ያው ሰው የሚያሰኘው ያለፈውን የራሴ ብሎ ማወቁ ነው ብሏል። በዚህ ከሄድን ባንክሮፍት ስለነዚያ ቀናት አይጠየቅም። ይሄ አይዋጥልኝም። ስኮትላንዳዊው ፈላስፋ ቶማስ ሪድም በ1785 አንድ ጄኔራል በምሳሌ አምጥቶ ሎክን ሞግቶታል። ጄኔራሉ ወጣት መኮንን ሳለ ባንዲራ መማረኩን ያስታውሳል። መኮንኑ ደግሞ በልጅነቱ መገረፉን ያስታውስ ነበር። ጄኔራሉ ግን ግርፋቱን ረስቶታል። ታዲያ ከዚያ ልጅ ጋር አንድ ሰው አይደለም ልንል ነው?

ግንባሬ ላይ ጠባሳ አለ። ሕፃን ሳለሁ ወድቄ ነው አሉ። ደሜ እየፈሰሰ አቅፎኝ ወደ ሐኪም የሮጠው ታላቅ ወንድሜ ነው። እኔ ቅንጣት ትዝ አይለኝም። ያ ልጅ እኔ መሆኔን ግን ተጠራጥሬ አላውቅም። የወንድሜ ውለታ እስከ ዛሬ አለብኝ።

የባንክሮፍት ቀናትም ጨርሰው አልጠፉም። ያገኛቸውና የበደላቸው ሰዎች ዘንድ አሉ። መርማሪው ኮቫክስ የሚለቃቅመውም ይህንኑ ነው። እሱ ራሱ የሚዞረው በሌላ ሰው ገላ ነው። የዚያን ገላ ባለቤት የምትወድ ኦርቴጋ የምትባል ፖሊስ አለች። የምትወደውን ፊት እያየች የማታውቀውን ሰው ታናግራለች። ሎክም ሪድም ስለ እሷ ያሉት ነገር የለም። ለእኔ ግን የመጽሐፉ ትልቁ ጥያቄ እሷ ጋ ነው ያለው።