የካሴት ጥገና፣ አምስተኛ ወር፦ ቴፑ ዞረ፣ እኔ ግን አንድ ጥፋት አጠፋሁ

ባለፈው ስጽፍላችሁ ቴፑ ገና አልዞረም ነበር። አሁን ይዞራል። ደስታዬ ግን ሙሉ አይደለም፣ በኋላ እነግራችኋለሁ።

ለአዲሶች ባጭሩ። የምኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። መስከረም ላይ አንድ ቆራሌው በብሎካችን ሲያልፍ ከማዳበሪያው አፍ ባለ ሁለት ካሴት ጃፓን ሰራሽ ቴፕ ብቅ ብሎ አየሁ፣ ሮጬ ወረድኩ፣ ተከራከርን፣ ገዛሁት። (ዋጋውን አልናገርም፣ ሰውዬው ቢያነበው ይቆጨዋል።) ካሴቶቹ ግን የአክስቴ ናቸው። አርባ ምናምን፣ በብስኩት ካርቶን ታጭቀው ቡፌ ስር የኖሩ።

ቴፑን ስከፍተው ቺንጋው፣ ማለትም ሞተሩ መዘውሮቹን የሚያዞርበት የላስቲክ ቀበቶ፣ ቀልጧል። እኔ ላስቲክ ሲያረጅ የሚደርቅ ነበር የሚመስለኝ። ይሄኛው እንደ ሬንጅ ሆኖ መዘውሮቹ ላይ ተለጥፏል። በጥጥና በአልኮል ጠርጌ ለመጨረስ ሁለት ቅዳሜ ፈጀብኝ፣ ጣቴም ሳምንት ሙሉ ጥቁር ነበር። ከዚያ መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ወረድኩ። አንድ አዛውንት ጠጋኝ "የአሮጌውን ልክ አምጣ" አሉኝ። "ጋሼ፣ አሮጌው እኮ ቀልጧል" ስላቸው ሳቁ። "እንግዲያው መዘውሮቹን በክር ዙረህ ለካና ከልኩ ትንሽ ቀንስ፣ ላስቲክ ካልተወጠረ አይጎትትም።" ቀነስኩ፣ ሠራ።

ቀጥሎ ፍጥነት። ካሴት በሰከንድ 4.76 ሴንቲ ሜትር ነው መሄድ ያለበት። ፊሊፕስ በፈረንጆቹ 1963 ካወጣው ጀምሮ ልኩ ይሄ ነው፣ የትም አገር የተቀዳ ካሴት የትም ቴፕ ላይ የሚሠራውም ለዚህ ነው። የእኔ ግን ይሮጣል። እሁድ አክስቴ መጥታ ቡና እየቆላች ሳለ የጥላሁን ገሠሠን ካሴት ከተትኩ። "አንተ፣ ይሄ ጥላሁን ነው ወይስ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች?" አለችኝ። መፍትሔው ሞተሩ ጀርባ ላይ ነበር፦ ቀጭን ቀዳዳ አለች፣ ውስጧ በትንሽ ካቻቢቴ የምትዞር ብሎን። ያንኑ ዘፈን በስልኬ ከፍቼ፣ ጎን ለጎን እያዳመጥኩ፣ በፀጉር ልክ እያዞርኩ ሁለቱ እኩል እስኪሄዱ ታገልኩ። ሁሉም ሞተር ላይ ቀዳዳዋ የለችም፣ ካለች ግን እድለኛ ናችሁ።

ከካሴቶቹ የተማርኩት አንድ ነገር፣ "ተበላሽቷል" ብለን የምንጥለው አብዛኛው አልተበላሸም። ድምፁ ታፍኖ የሚመጣ ከሆነ የካሴቱን ክር ድምፁን የሚያነበው ክፍል (‘ሄድ’ የሚሉት) ላይ የምትጫነው ትንሿ ስፖንጅ ወድቃ ሊሆን ይችላል፣ ከሞተ ካሴት አውጥቶ መትከል ነው። ባለ 90 ደቂቃው ክር ከባለ 60ው ይሳሳል፣ ስለዚህ ቴፕ የሚበላው እሱን ነው። ከማስገባታችሁ በፊት በቢክ እስክሪብቶ አዙራችሁ ወጥሩት። ይሄን በካሴት ያደገ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፣ ግን እኔ ረስቼው አንዱን አስበላሁ። መብራት ሲጠፋ ደግሞ በስምንት ትልልቅ ባትሪ ድንጋይ ይሠራል። ልጅ ሆነን ያለቀ ድንጋይ ፀሐይ ላይ እናሰጣ ነበር አይደል? ሞከርኩት። አንድ ዘፈን ተኩል ሄደ።

አሁን ወደ ጥፋቴ።

ከካሴቶቹ መሃል አንድ ባለ 90 አለ፣ ሙዚቃ ቤት የተቀዳ። ያኔ የምትፈልጋቸውን ዘፈኖች ወረቀት ላይ ጽፈህ ትሰጣለህ፣ ተቀድቶልህ በቀጠሮህ ትወስዳለህ። ቀጂው ሽፋኑ ላይ ዝርዝሩን በሰማያዊ እስክሪብቶ ጽፎታል። የዘፋኞቹን ስም በቀይ አስምሮ፣ ‘መ’ን ሲጽፍ ሁለቱን ክብ እንደ መነጽር አድርጎ፣ ቦታ ሲጠበው ፊደሎቹን እያሳነሰ፣ መጨረሻው ላይ ጉንዳን አሳክሏቸው። እኔ ደግሞ ወረቀቱ ቆሽሿል ብዬ ቺንጋውን በጠረግኩበት አልኮል አሸሁት። የእስክሪብቶ ቀለም አልኮል እንደማይችል አላሰብኩም። በሦስት ሰከንድ ሰማያዊ ጭጋግ ሆነ።

ድምፁ ሳይነካ ወረቀት ነው የጠፋው ትሉኝ ይሆናል። ድምፁንማ ስልኬ ላይም አገኘዋለሁ፣ ያውም ሳይንሿሿ። አያት አካባቢ አንድ ካፌ ቴፕ መደርደሪያ ላይ ደርድሯል፣ ዳንቴል ሳይቀር አልብሶ። አንዱን ሳነሳው ቀለለኝ፣ ሆዱን አውጥተው አምፖል ከተውበታል። ያምራል፣ አልዋሽም። ግን እኔ የምወደው የቴፕ መልክ ሳይሆን ያንን የእጅ ጽሑፍ ነበር፣ አንድ የማላውቀው ሰው ለአክስቴ ብሎ ፊደል ያሳነሰበትን።

ለአክስቴ ስነግራት አልተቆጣችም። "ምን አስቸኮለህ" ብቻ አለች። ይሄ ከቁጣ ይብሳል። ከዚያ "ክፈተው" አለችኝና ወረቀትና እስክሪብቶ አስያዘችኝ። ክራሩ ወይም ሳክስፎኑ ገና ሲጀምር ዘፋኙን ትጠራለች፣ እኔ እጽፋለሁ። ሁለት ቦታ ብቻ ተሳሳተች፣ ሁለቱንም ራሷ አረመች። የእኔ ‘መ’ መነጽር አይመስልም፣ የተጣመመ ብስክሌት ነው።

በሁለተኛው ገጽ የመጨረሻው ዘፈን ላይ ስኒዋን አስቀምጣ እጇን አነሳች። "እዚህ ጋ ይቆረጣል" አለች። ዘፋኙ ቃሉን ሳይጨርስ ክሩ አለቀ፣ ቁልፉ ቷ ብሎ ተነሳ። ያኔ 45 ደቂቃው አልበቃም ነበር።

"ምን ብዬ ልጻፈው?" አልኳት።

"‘ግማሽ’ በል። እሱም እንደዛ ነበር የጻፈው።"