58 ጭረት ለአንድ ሳህን ኑድል

ቻይና ውስጥ ሺአን ወደምትባል ከተማ የሚሄድ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከጥንት መቃብር የወጡትን የሸክላ ወታደሮች ሊያይ ነው። እኔም አየኋቸው። ያስደንቃሉ፣ ግፊያ ነው፣ በቃ። ከተማው ውስጥ ቀልቤን የወሰደው ግን አንድ ፊደል ነው።

እዚያው ዩኒቨርሲቲ የሚማር አበሻ ጓደኛ አለኝ። ከከበሮ ግንቡ ጀርባ ወዳለው የሙስሊሞች ሰፈር ወሰደኝና አንድ የምግብ ቤት ታፔላ ሥር አቆመኝ። «ቢያንግ ይባላል። ቁጠረው እስቲ» አለኝ። ጀመርኩ፣ ተምታታብኝ፣ ተውኩት። በተለመደው አጻጻፉ 58 ጭረት አለው። ቀለል ተደርጓል የሚባለው እንኳ 42 ነው!

ላዩ ላይ ጣሪያ የመሰለ ነገር አለ፣ አናቱ ላይ ነጥብ ያለው። ከሥሩ «ንግግር» ተቀምጧል። መሀል «ፈረስ»፣ በግራና በቀኝ «ረጅም»፣ «ረጅም»። ደግሞ «ጨረቃ»፣ «ቢላ»፣ ታች «ልብ»። ይሄን ሁሉ «መሄድ» የሚለው ምልክት ከግራና ከሥር አቅፎ ይዞታል። በጉልበት ተንበርክከው የዘጉት ሻንጣ ነው የሚመስለው።

ታዲያ ተደምሮ ምን ማለት ነው? ምንም። ከዚህ ኑድል ስም ውጪ ሥራ የለውም፤ ስሙም ሁለቴ ተደግሞ ቢያንግቢያንግ ይባላል። ምግብ ቤቱ ውስጥ ኑድል የምትሠራው ሴትዮ ከፊታችን ሊጡን በሁለት እጇ ይዛ ሳበችው፣ ወደ ላይ አነሳችውና ጠረጴዛው ላይ አላጋችው። ቢያንግ! ብዙ ሰው ስሙ የወጣው ከዚህ ድምፅ ነው ይላል፤ እኔም ጆሮዬን አምናለሁ። ኑድሉ እንደ ቀበቶ ሰፊ ስለሆነ «የቀበቶ ኑድል» የሚሉትም አሉ። ዱቄት፣ ውሃና ጨው ብቻ ነው፤ ላዩ ላይ በርበሬና ነጭ ሽንኩርት ይደረግና የጋለ ዘይት ቸስ ይደረግበታል። ሥጋ ካልጨመሩበት ለጾመኛ የተሠራ ነው የሚመስለው።

አነባበቡም ጉድ አለው። በመደበኛው ቻይንኛ ጂያንግ አለ፣ ሊያንግ አለ፣ ቢያንግ የሚባል ድምፅ ግን የለም። የሻንሺ ክፍለ ሀገር ሰዎች የአፍ ወግ ነው።

ጓደኛዬ «አዪ፣ እንዴት ነው የሚጻፈው?» ብሎ ሴትዮዋን ጠየቃት። አዪ አክስት እንደማለት ነው። እጇን ሳታቆም በዜማ ለቀቀችው፤ እሱ እየተከተለ ተረጎመልኝ። ነጥቧ ሰማይ ትወጣለች፣ ቢጫው ወንዝ በሁለት በኩል ይጠመዘዛል፣ ንግግር ወደ ውስጥ ይገባል… እያለ ይቀጥልና በጋሪ ሺያንያንግ በመሄድ ያልቃል። ሰው ፊደሉን የሚይዘው በዚህ ግጥም ነው።

ማን ፈጠረው ሲባል ወሬው ብዙ ነው። አንዱ ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት የነበረው የቺን ሥርወ መንግሥት ሚኒስትር ለነበረው ለሊ ሲ ይሰጠዋል። እኔ አልተዋጠልኝም። እ.ኤ.አ. በ1716 የወጣው፣ 47,000 ያህል ፊደል የያዘው የካንግሺ መዝገበ ቃላት እንኳ አያውቀውም። ሌላው ወሬ ይሻለኛል፦ ኪሱ ባዶ የሆነ ተማሪ ኑድሉን ጠግቦ በላና ሒሳብ ሲጠየቅ ለባለቤቱ ይሄን ፊደል ፈጥሮ ከፈለ ይላሉ። እውነት ይሁን አይሁን፣ የተራበ ተማሪ ሥራ ይመስላል።

ኮምፒዩተር ውስጥም የገባው በቅርቡ ነው። ዩኒኮድ፣ ማለትም ኮምፒዩተሮች የሚያውቋቸው ፊደላት ዓለም አቀፍ መዝገብ፣ ሁለቱንም አጻጻፍ የተቀበለው እ.ኤ.አ. በ2020 ነው። ከዚያ በፊት ሜኑ የሚያሳትም ሰው ወይ እንደ ሥዕል ይለጥፈዋል፣ ወይ በላቲን ፊደል ይጽፈዋል። እኛ የተሰጠን ደረሰኝ ላይ ዛሬም በላቲን ነው።

በማግስቱ ግጥሙ ወደሚያልቅባት ሺያንያንግ ሄድን። ጎረቤት ከተማ ናት፤ አሁን በጋሪ ሳይሆን በሜትሮ ይደረሳል። እዚያ ያገኘነው ታፔላ ላይ ፊደሉ ሌላ ሆኖ ቆየን፤ ጭረቱ በዝቷል። ጓደኛዬ ስልኩን አውጥቶ የሺአኑን ፎቶ ለባለቤቱ አሳየው። ሰውዬው አየት አደረገና ሳቀ። «የነሱ ነው የጎደለው» አለ፤ ከዚያ በርበሬ ይብዛ አይብዛ ብሎ ጠየቀን።