ሽፍታው ጠፍቶ ሕመሙ ሲቀር፦ ከአልማዝ ባለጭራ በኋላ የቀረኝን የነርቭ ሕመም እንዴት እንደቻልኩት

ቆዳዬ ድኖ ነበር። ቅርፊቱ ረግፎ ፈዘዝ ያለ ጠባሳ ብቻ ቀርቷል። ሕመሙ ግን ንቅንቅ አላለም። ያየኝ ሁሉ "ተሽሎሃል እኮ!" ይለኛል፤ እኔ ደግሞ ሸሚዝ መልበስ አቅቶኛል። ይህን ለሰው ማስረዳት ከሕመሙ ባልተናነሰ ያደክማል።

አልማዝ ባለጭራ የወጣብኝ በቀኝ ጎኔ ነው። ከጀርባዬ ተነስቶ፣ በብብቴ ሥር አልፎ፣ ደረቴ መሀል ሲደርስ እንደተቆረጠ መቀነት ቀጥ አለ። ወደ ግራ አልተሻገረም። ውሃ የቋጠረው ሽፍታ እንደታየ ሐኪም ዘንድ ሄጄ አሲክሎቪር ታዘዘልኝ። በቀን 5 ጊዜ፣ ለ7 ቀናት የሚዋጥ ነው። ፀረ ቫይረስ መድኃኒት በደንብ የሚሠራው ሽፍታው በወጣ በ72 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ነው። ሽፍታው ቶሎ እንዲደርቅ ያደርጋል፣ የመጀመሪያ ሰሞን ሕመሙንም ያለዝባል። ኋላ ለሚመጣው የነርቭ ሕመም ግን ዋስትና አይሆንም። ለእኔም አልሆነም።

ምን እንደያዘኝ መረዳቴ ብዙ አረጋግቶኛል። ቫይረሱ በልጅነት ቺክን ፖክስ የሚባለውን፣ መላ ሰውነት ላይ ውሃ የቋጠረ ሽፍታ የሚያወጣውን በሽታ የሚያመጣው ራሱ ነው። ልጁ ሲድን ቫይረሱ ከሰውነቱ አይወጣም። ከአከርካሪ አጥንት አጠገብ ባሉ የነርቭ ሴሎች ውስጥ ለዓመታት አድፍጦ ይቀመጣል። ዕድሜ ሲገፋ ወይም የሰውነት መከላከያ አቅም ሲዳከም ይነቃና የአንድን ነርቭ መስመር ይዞ ወደ ቆዳ ይወጣል። በአንድ ጎን ብቻ የሚታየውም ለዚህ ነው። እንግሊዛዊው ሐኪም ኤድጋር ሆፕ-ሲምሰን ይህን ሐሳብ በ1965 እ.ኤ.አ. ያቀረበው፣ ክሊኒኩ የሚመጡ ሕመምተኞችን ለዓመታት እየመዘገበ ቆይቶ ነው። ሕመምተኛውን በትዕግሥት የሚከታተል ሐኪም ምን ያህል እንደሚያይ ሳስብ ልቤ ይነካል።

ቫይረሱ በወጣበት መንገድ ነርቩን ይጎዳዋል። የተጎዳ ነርቭ ደግሞ ሳይነካ ተነካሁ፣ ሲዳሰስ ተቃጠልኩ ይላል። ሕመሙ ሽፍታው ከወጣ 3 ወር አልፎት ከቀጠለ ሐኪሞች ፖስት ሄርፔቲክ ኒውራልጂያ ይሉታል። ከ60 ዓመት በላይ የሆነ ሰው ላይ ይበረታል፤ ሽፍታው ሲወጣ ክፉኛ የታመመ ሰውም የበለጠ ይጋለጣል።

ፓራሲታሞልም አይቡፕሮፌንም እምብዛም አልፈየዱኝም። ለዚህ ዓይነት ሕመም ደካማ ናቸው። ነገሩ የተለወጠው ሕመሙን በዝርዝር መናገር ስጀምር ነው። "ያመኛል" ብቻ ማለት ለሐኪም ብዙ አይነግርም። ስለዚህ ቤቴ ቁጭ ብዬ ወረቀት ላይ ጻፍኩት። አንዱ ሕመም ቀንም ሌሊትም የሚለበልብ ነው። ሌላው ድንገት ነዝሮኝ የሚያልፍ ነው። ሦስተኛው ጨርቅ ሲነካኝ ብቻ የሚመጣ ነው። በመዳፌ ጠበቅ አድርጌ ስይዘው ቀለል ይለኛል፤ የሸሚዝ ጫፍ ነካ ሲያደርገኝ ግን ያዘልለኛል። ይህችንም ጻፍኳት።

ሐኪሟ ወረቀቱን አንብባ ስትጨርስ ከመሳቢያዋ ጥጥ አወጣች። "ዓይንዎን ይጨፍኑ፤ ሲያምዎት ይንገሩኝ" አለችኝ። በግራ ጎኔ ስታስኬደው ልስላሴው ይታወቀኛል። በቀኝ በኩል ገና ከማረፉ ትንፋሼ ተቋረጠ። "ቆዳዎ ድኗል፤ ያልዳነው ነርቭዎ ነው" አለች። ከዚያ በኋላ ስለ ቅባት ማውራት ቀረ። ስለ ነርቭ መድኃኒት ማውራት ጀመርን።

ያዘዘችልኝ ጋባፔንቲን ነው። ከትንሽ መጠን፣ ማታ ማታ ይጀመርና ቀስ እየተባለ ይጨመራል። መጀመሪያ ሰሞን ድብታውና ማዞሩ ከባድ ነበር። ሌሊት ስነሳ ግድግዳ እየያዝኩ ነው የምሄደው። እስኪለምደኝ ድረስ መኪና አልነዳሁም። የኩላሊት ችግር ያለበት ሰው መጠኑ ሊቀነስለት ስለሚገባ ይህንን ቀድሞ መናገር አለበት። መድኃኒቱ በአንድ ቀን የሚሠራ አይደለም፤ ሳምንታት ይፈልጋል። ብዙ ሰው መጠኑ ገና ሳይደርስ "አልሠራልኝም" ብሎ ሲተወው ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም ሊሻለው ሲል ነው የሚተወው። እኔ የመጀመሪያውን ለውጥ ያየሁት በእንቅልፌ ነው። ሕመሙ ቀን ቀን እንዳለ ሆኖ ሌሊቱን ግን አንድ ወጥ መተኛት ጀመርኩ።

አሚትሪፕቲሊንም ተነስቶልኝ ነበር። የድባቴ መድኃኒት መሆኑን የሰማ ሰው "እኔ ምን አለብኝ?" ብሎ ይከፋዋል። መከፋት አያስፈልግም። በትንሽ መጠን ለነርቭ ሕመም የሚሰጥ የታወቀ መድኃኒት ነው። አፍ ያደርቃል፣ ሆድ ያደርቃል፤ የልብ ችግር ላለበትና በዕድሜ ለገፋ ሰው ደግሞ ጥንቃቄ ይፈልጋል። እኛም በዚሁ ምክንያት ተውነው።

ለጨርቁ ሕመም የበጀኝ ቆዳ ላይ የሚለጠፈው ባለ 5 ፐርሰንት ሊዶካይን፣ ማለትም የሚያደነዝዝ መድኃኒት ነው። 12 ሰዓት ተለጥፎ ይቆያል፣ ለ12 ሰዓት ይነሳል። የሚለጠፈው ባልቆሰለ ቆዳ ላይ ብቻ ነው። ጀርባው ላይ ያለው ሽፋን ሳይላጥ በመቀስ በቦታው ቅርጽ መቁረጥ ይቻላል። እኔ ቀጠን አድርጌ እየቆረጥኩ የጎድን አጥንቴን ተከትዬ እለጥፈዋለሁ። ከቃሪያ የሚገኘው የካፕሳይሲን ቅባትም አለ፤ መጀመሪያ ላይ ራሱ ያቃጥላል፣ በጓንት ካልተቀባም እጅ ላይ ቀርቶ ዓይን ያነዳል። ለሌላው ሊስማማ ይችላል፣ እኔ ግን አልቻልኩትም።

ስለ ልብስ ትንሽ ልቆይ፤ ቀኑን ሙሉ አብሮን የሚውል ነገር ነውና። ሁሉም የሚመክረው ሰፋ ያለ ልብስ ነው። ለእኔ የሠራልኝ ተቃራኒው ነው። ሰፊ ሸሚዝ በተራመድኩ ቁጥር ይወዛወዝና ቆዳዬን ይነካካዋል። ሰውነት ላይ ልክክ የሚል ለስላሳ ካናቴራ ግን ካረፈበት አይንቀሳቀስም። ገልብጬ ነው የምለብሰው፤ ስፌቱ ወደ ውጭ ይሆንልኛል። ሕመሙ በባሰበት ቀን የምግብ መጠቅለያ ስስ ፕላስቲክ ሳላጠብቅ ቦታው ላይ አደርግና ከላይ እለብሳለሁ። ቁስሉ ሙሉ በሙሉ ለዳነ ቆዳ ብቻ ነው ታዲያ። ጨርቁ በፕላስቲኩ ላይ ይንሸራተታል፣ ቆዳዬን አያገኘውም። በቀዝቃዛ ውሃ የተነከረ ፎጣም ያሳርፈኛል። በረዶ በቀጥታ ማድረግ ግን ቆዳን ይጎዳል።

ቤተሰቤንም በየትኛው ጎን እንዳያቅፉኝ ነገርኳቸው። አንዴ ግልጽ ከሆነ ማንም አይቀየምም።

አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። ሽፍታው ግንባር ላይ፣ ዓይን አካባቢ ወይም አፍንጫ ጫፍ ላይ ከወጣ ነገ ዛሬ ሳይባል በዚያው ቀን ሐኪም ማየት አለበት። ዓይንን ሊጎዳ ይችላል።

አሁን በአብዛኛው ቀን ሕመሙ መኖሩን እረሳዋለሁ። መድኃኒቱንም በሐኪሟ ዕቅድ መሠረት በጥቂት በጥቂቱ እየቀነስን ነው፤ ጋባፔንቲን በአንዴ የሚቆም መድኃኒት አይደለም። ክትባቱንም ጀምሬያለሁ። አልማዝ ባለጭራ አንዴ የያዘውን ሰው ዳግም ሊይዘው ይችላል። ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው ሺንግሪክስ የተባለው ክትባት 50 ዓመት ለሞላቸው ሰዎች ይመከራል፤ በሽታው ይዟቸው የዳኑትም ይወስዱታል። ሁለት ጊዜ ነው የሚሰጠው፣ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ከ2 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ ውስጥ። ያለውን ሕመም አያድንም፤ የሚከላከለው የሚቀጥለውን ነው። ክንዴን ለአንድ ሁለት ቀን አሞኝ ነበር፤ እሱን በደስታ ቻልኩት።