የቤቱን ዶሮ አልበላም ያልኩበት እንቁጣጣሽ

ያደግኩት ሐይቅ ከተማ አጠገብ ነው። ከደጃችን ብቅ ሲሉ ውኃውና የእስጢፋኖስ ገዳም ደን ይታያል፤ አባ ኢየሱስ ሞዓ ያስተማሩበት፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖት የተማሩበት ገዳም። ቤታችን ረቡዕና ዓርብ ይጾማል፣ ማርያም ትዘከራለች፣ አያቴ ግንባሯ ላይ የመስቀል ንቅሳት ነበራት። ግን እንቁጣጣሽ በመጣ ቁጥር ለቤቱ ውቃቢ ገብስማ ዶሮ ይታረዳል። ደሙ ደፉ ላይ ይፈሳል፤ ሥጋው ለጎረቤት አይቀመስም፣ አጥንቱም ጓሮ ይቀበራል። አምልኮ ነው የሚል ሰው ቤታችን ውስጥ ሰምቼ አላውቅም። «ከናት ካባት የመጣ ነው» ይባላል፣ በቃ።

የእህቴ ልጅ በሰማንያ ቀኗ ስትጠመቅ ክርስትና እናቷ እኔ ነበርኩ። ሕፃኗን እንደታቀፍኩ ወደ ምዕራብ አዙረውኝ፣ ስለ እሷ ሆኜ «እክህደከ ሰይጣን» አልኩ። ቤት ስንገባ ቄጠማው ተጎዝጉዞ ቡናው ደርሷል። እናቴ ከአቦሉ ጥቂት መሬት ላይ ጠብ አድርጋ ከንፈሯን አንቀሳቀሰች። ሺህ ጊዜ ያየሁት ነገር ነው። ያን ቀን ግን ሜሮን የተቀባችው ልጅ እቅፌ ውስጥ ተኝታለች፤ ክጃለሁ ካልኩ ገና ሁለት ሰዓት አልሞላኝም። ፍንጃሉን ተቀብዬ መጠጣት አቃተኝ።

ቀጥሎ ያደረግኩት ስህተት ነበር። በፍልሰታ፣ እናቴ ለኪዳን ቤተ ክርስቲያን በሄደችበት፣ የአያቴን ጨሌ፣ የውቃቢውን ዶቃ፣ ከነሙዳዩ አውጥቼ ሽንት ቤት ጨመርኩት። ለእምነቴ የቆምኩ መስሎኝ ነበር። እናቴ ስታጣው አልጮኸችም፤ ባዶውን መደርደሪያ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና ተቀመጠች። ለእሷ ጨሌው የእናቷ እጅ ነበር። ከዚያ ወዲያ ሰላምታ እንኳ ነፈገችኝ።

የነፍስ አባቴ ይህን ስናዘዝ ተቆጡኝ። ጨሌው የእኔ እንዳልነበረ፣ የምክደውም የራሴን ድርሻ ብቻ እንደሆነ ነገሩኝ። ከዚያ አንድ በአንድ አስለዩኝ። ቡናው ኃጢአት ነው? አይደለም። ዕጣኑ? ቄጠማው? «ለማን ነው ብለሽ ጠይቂ» አሉኝ። ቅዱስ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ከጌታ ማዕድና ከአጋንንት ማዕድ አብሮ መካፈል አይቻልም ያለው ከዚያ በኋላ ነው የገባኝ። የምተወው መጥፎውን ማዕድ ነው እንጂ እናቴን አይደለም።

ስለዚህ ለበዓሉ ሳምንት ሲቀረው፣ ዘመድ ሳይሰበሰብ፣ እግሯ ሥር ቁጭ አልኩ። «እማዬ፣ ስለ ጨሌው ይቅር በይኝ። የዘንድሮውን ዶሮ ግን አልበላም፤ ሽንኩርቱን እልጣለሁ፣ እንጀራውን እጋግራለሁ፣ ለውቃቢው የታረደውን ግን አልቀምስም» አልኳት። መልስ አልሰጠችኝም። በዕለቱ አጎቴ ሰው ፊት ሊያጎርሰኝ ሲል እጁን ሳምኩና ሽሮዬን በላሁ። ቀድሜ ለእናቴ ባልነግራት ኖሮ ያን ቀን ጠብ ይነሳ ነበር።

የከበደኝ ጥቅምት ላይ ነው። ሕፃኗ ታመመች፤ ትኩሳትና የሚያፍን ሳል። አክስቴ «ቤቱ ተቆጥቶ ነው፣ ያንቺ እልክ ነው» አለች። ደሴ ሆስፒታል ሳንባ ምች ነው ተብሎ አስተኟት። ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብዬ የዶሮ ዋጋ አስቤያለሁ። እውነቱን ነው የምጽፈው። አንዲት ዶሮ ናት፣ ማን ያያል፣ ብዬ ስልኬን ሁለት ጊዜ አንስቻለሁ። የጠራሁት ግን የነፍስ አባቴን ነው። ጸበል ይዘው መጡ፤ መድኃኒቱንም እንዳናቋርጥ አጥብቀው አዘዙ። በስድስተኛው ቀን ጡት ጠባች።

እትዬ የምላት ሙስሊም ጎረቤታችን ልትጠይቅ መጥታ የአክስቴን ነገር ስትሰማ እጄን ያዘች። «አብሽሪ ልጄ። እኛም ቤት ሸሆቹ ሽርክ ነው፣ በአላህ ላይ ማጋራት ነው ብለው ስንቱን አስትተውናል፤ እኔም ስተው ቤቱ ይፈርሳል ብለውኝ ነበር። ይኸው አለ» አለችኝ። ወሎ ሲባል ሰርግና ለቅሶ አብሮ መዋሉ ነው የሚነገረው። ይህም ፍርሃት የጋራችን እንደሆነ ያወቅኩት ያን ቀን ነው።

አሁን እንዴት አደረግሽው ለሚለኝ የምለው ይህን ነው፦ ብቻህን አትጀምር፣ ንስሐ አባትህን ያዝ፤ ቀድመህ ለናትህ ንገር፤ ከሥራው አትሽሽ፣ ከማዕዱ ብቻ ተለይ። ክፉ ቀን ሲመጣ ደግሞ «ባደርገው ኖሮ» የሚል ሐሳብ መምጣቱ አይቀርም፤ ያኔ የምትደውልለት ሰው ከወዲሁ ይኑርህ።

ዘንድሮ እናቴ ገብስማውን አልገዛችም። የዶሮውን ገንዘብ በመሐረቧ ቋጥራ «ለግሸን መሳፈሪያ» አለችኝ። ለመስከረም 21 አብረን ወጣን። ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ግማደ መስቀሉን ግሸን እንዳስቀመጡ ይነገራል፤ ሕዝቡን ክንዱ ላይ «ዲያብሎስን ክጃለሁ» ብሎ እንዲጽፍ ያዘዙትም እኚሁ ንጉሥ ናቸው። ዳገቱ ላይ እየተነፈሰች ስትቆም ይህን ነገርኳት። በምርኩዟ ተደግፋ ግንባሯን ዳሰሰች፤ «እናቴም መስቀሉ ነበራት» አለች። ከዚያ ክንዴን ይዛ መውጣቷን ቀጠለች።